ሎጋው የተጎነጨው ጠርሙስ

እትዬ ሆዴ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ተወ? እኔ ከቅናት በቀር ምንም አልሆንኩም። ደህና ያልሆነው ሎጋው ወንድማችን ነው፤ ሆስፒታል ከገባ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ።

እርሻው ላይ የአረም መድኃኒት የምረጨው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ጀሪካኑን መሸከም ስለሚታክተኝ በጥቁር ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀንሼ ነው የምወስደው። ሎጋው ከኳስ ሜዳ ላብ በላብ ሆኖ መጣና ብድግ አደረገው። «ተው፣ መርዝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሻዩ ውስጥ ጨው ስጨምር፣ ጫማው ውስጥ እንቁራሪት ስከት ኖሬ ማን ይመነኝ? «አንተ ስስታም፣ እንዳልጠጣብህ ነው» ብሎ ሳቀና ተጎነጨ። ወዲያው ቢተፋውም ጥቂቱ ወርዷል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀናሁ። እኔ እግሬን የተሰበርኩ ጊዜ እማዬ «የእጅህን አገኘህ» ነበር ያለችኝ። ለእሱ ግን ሰፈሩ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ተሰለፈ። እኔን ቀና ብላ አይታኝ የማታውቀው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ትራሱን ታስተካክልለታለች። ለመታመምም ዕድል ያስፈልጋል እኮ!

በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ አጠረ። ዶክተሯ ለእኔ ለደንቆሮው ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሳንባ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ስሮች አሉ፤ ውስጣቸው እንደ ወለል ንጣፍ በተደረደሩ ሕዋሳት ተለብዷል። መርዙ በደም ዞሮ እነሱን ያቃጥላል፤ ንጣፉ ሲፈነቃቀል የደሙ ውሃ ወደ አየሩ ቦታ ይሰርጋል። ኦክስጅን ደግሞ ለዚህ መርዝ እሳት ላይ ላምባ ማርከፍከፍ ስለሆነ፣ የግድ ካልሆነ አይሰጡትም። እማዬ «ለጎረቤት አልጋ የሰጡትን አየር ለልጄ ነፈጉት» እያለች ታለቅሳለች። ጠርሙሱን ማን እንደሞላው ገና አላወቀችም።

ትናንት ላስቀው ብዬ የዶክተሯን አረማመድ አሳየሁት። በእጁ ተው አለኝ፤ ሳቅ ያስለዋል። ከዚያ ደረቴን ያይ ጀመር፤ ሲነሳ፣ ሲወርድ፣ ሲነሳ። አስተያየቱ አልጠፋኝም፣ የራሴ ነው። አዲስ ጫማ የተገዛለት ቀን እግሩን እንደዚያ ነበር የማየው። እትዬ፣ ዕድሜ ልኬን በእሱ ስቀና ኖሬ፣ እሱ በእኔ ሲቀና ማየት አልቻልኩም።

ይህን እንደጨረስኩ ገብቼ ለእማዬ እነግራታለሁ። ከእጇ የሚያስጥለኝ የለምና ነይ፤ ለእኔ ብለሽ ካልመጣሽ፣ እንደ ልማድሽ ለእሱ ብለሽ ነይ።

ለአንኮራፊው ባልሽ ሰላም በይልኝ፣ የትንሿንም ጉንጭ ቆንጥሪልኝ። እማዬ በእንባዋ፣ ሎጋው በዓይኑ ሰላም ብለውሻል።

ቀናተኛው ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር
መጋቢት ፱ ቀን