የካርዴ ኮፍያ

ሰኞ፣ ጥር 4። ከማታ ት/ት መልስ።

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ እንደኔ የሚያነብ የለም። እሺ፣ ከገበያው እስከ ቤቴ በር። እሺ፣ መ/ርቷም አለች።

ዛሬ ባንክ የኤቲኤም ካርድ ሰጠኝ። የዓመቱ በርበሬ ሽያጭ፣ የቤታችን ቆርቆሮ መግዣ፣ ሁሉ በዚች ሚጢጢ ነገር ውስጥ! እንደ በርበሬ ጆንያዬ ጀርባዋ ላይ በማርከር የስሜን መጀመሪያ ጻፍኩ። ሸ። ሸምሱ። መ/ርቷ፣ ሸ ማለት ኮፍያ ያደረገች ሰ ናት ብላናለች። ባለቤቴ ዘይነባ ሳቀች። «ካርድ ነው ወይስ በግ፣ ምልክት የምታደርግበት?» ትሳቅ። ያልተማረ ይስቃል።

ሐሙስ፣ ጥር 7። ከገበያ መልስ።

ደብተሬ፣ ተቃጥያለሁ። በንዴት!

ማሽኑ ካርዴን አልቀበልም አለ። አንድ ባለጃኬት መጣ። አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ ላግዝዎት አለኝ። ሌባ በሰላምታ ይጀምራል? ካርዴን ተቀብሎ ከተተልኝ። የሚስጥር ቁጥሬን ስነካ ትከሻዬ ላይ ተለጥፏል። ኔትወርክ የለም ብሎ ካርድ መለሰልኝ፣ በባጃጅ እብስ። ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ! ምልክቴ የለም! የሌላ ሰው ካርድ ነው!

ባንክ ሮጬ ገባሁ። ተራ ይያዙ አሉኝ። ሌባው ተራ ይዟል እንዴ? ጮህኩ። አንዷ ሠራተኛ ካርዴን ዘጋችልኝ። ከዚያ ለምን ቁጥርዎን አሳዩት ትላለች፣ ምሳ የጋበዝኩት ይመስል። ማስጠንቀቂያ ለጥፈናል አለች። ሄጄ አየሁ። በእንግሊዝኛ! ሌባው በአማርኛ ይሰርቃል፣ ባንኩ በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል!

ብሩ አልተነካም። አልሐምዱሊላህ። ዘይነባ ዛሬ አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ረፋድ።

ባንክ አስጠራኝ። ሌባው ወልቂጤ ሄዶ ሲሞክር ማሽኑ ካርዴን ውጦበታል። እሰይ! ሠራተኛዋ ካርዱን ገልብጣ አየችና በሳቅ ፈነዳች።

ወስኛለሁ። ማሽኑ አጠገብ በአማርኛ ወረቀት እለጥፋለሁ። ካርድህን ለማንም አትስጥ። ምልክት አድርግበት። ቁጥርህን ስትነካ በእጅህ ሸፍን። ዘበኛው ቢያነሳው መልሼ እለጥፋለሁ። ያንሳ፣ እናያለን!

የባንኳ ልጅ ለምን ሳቀች? እ... ደብተሬ፣ ሸ ጻፍኩ ብዬሽ አልነበር? ለማታ ክፍላችን ሰው ሁሉም እንደዚያው አውርቻለሁ። ውሸት ነው። ኮፍያዋን ረሳሁ፣ የጻፍኩት ሰ ነው። ሰምሱ! ያኔውኑ አይቼዋለሁ፣ ግን ዘይነባ አጠገቤ ሆና እየሳቀች ማረም አፈርኩ። ወረቀቱ ላይ «ሸፍን» ስጽፍ ግን ከኮፍያዋ ነው የምጀምረው።