ደከመኝ ያለው መልአክ

ለቀምት፣ ቅዳሜ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዛሬም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የእንግሊዝኛውን ፊልም ለሕዝቡ በኦሮምኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳስተምር ሰንብቼ ድምፄ ተዘግቷል። በፊልሙ አንድ መልአክ አንዲት ልብስ አጣቢ ወደደና ክንፉን ጥሎ ሰው ሆነ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲቀዳላት ውሎ ቁጭ አለና "ደከመኝ!" ብሎ በደስታ ሳቀ። እኔም ተከትዬ በኦሮምኛ "ደከመኝ" አልኩ። በተዘጋ ድምፄ ሲወጣ ግን ደስታው ጠፋ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ደንግጠው፣ መምህር ለማለት "ባርሲሳ" ብለው ጠርተውኝ፣ "መልአኩ ተጸጸተ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አልተጸጸተም፣ አባ" አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ቤት ስገባ ላሊሴ፣ ፈት በመሆኗ ድቁናዬን ትቼ ያገባኋት ላሊሴ፣ እግሬን በሞቀ ውሃ እያጠበችኝ "ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ።

"ደከመኝ" አልኳት።

እጇን ከውሃው ሳታወጣ ቀና ብላ እንደ ሽማግሌው ደንግጣ አየችኝ።