ሳቅሽንም ቅጂልኝ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጋሼስ እንዴት ነው? ወገቡ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሳ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ድመቷስ ዛሬም የምትተኛው የደንብ ልብስሽ ላይ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥለሽ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ ነው።

የላክሽልኝ ክራባት ደርሶኛል። ቀይ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ሳገኘው እፎይ አልኩ። አስሬው መስታወት ፊት ቆምኩና፣ እትዬ ብታየኝ "አሁን ሰው መሰልክ" ትለኝ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን እንደላክሽው አልጠፋኝም። በዚህ ወር መጨረሻ ሳምንት በሚደረገው ጉባኤ የቤተ ሙከራችንን ሥራ እንዳቀርብ የመረጡት እኔን ነው። አለቃችን፣ ሁላችንም በሌሉበት "ዋናዋ" የምንላቸው ፕሮፌሰር፣ ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ "የምታቀርበው አንተ ነህ፤ ፀጉርህን ተቆረጥ" ብለውኝ አለፉ። የምስጋና ንግግራቸው ይኸው ነበር። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ጋሼ ደውሎልኝ ነበር። እባክሽ አትቆጪው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ ነው ያወራኝ፤ ከሚስቱ ተደብቆ መሆኑ እኔ ጋ ድረስ ያስታውቅ ነበር። አንቺ "ጉሮሮዬን ትንሽ ይዞኛል" ብለሽ የጻፍሽልኝ ነገር ሐኪሙ ማንቁርትሽ ላይ ያገኘው ዕጢ መሆኑን ነገረኝ። በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ድምፅሽም አብሮ ይሄዳል፤ ይህ ወር ካለፈ ደግሞ ሐኪሙ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ይህንንም ነገረኝ። አንቺም "ድምፄ ከሚወጣ ነፍሴ ትውጣ" ብለሽ፣ ሳትፈርሚ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ወደ ሥራሽ መግባትሽን ነገረኝ። ከዚያ ቧንቧውን ሳይዘጋ ስልኩን ዘጋው።

እኔ አልፈርድብሽም። የመናኸሪያው ድምፅ አንቺ ነሽ። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እንኳ መሄዱን ካንቺ ሲሰማ አይናደድም። ትዝ ይልሻል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዚያች የመስታወት ክፍልሽ በታች ቆሜ ቀና ብዬ ሳይሽ፣ "በሁለተኛው መስመር ያለው አውቶቡስ ሊነሳ ነው" ካልሽ በኋላ ማጉያውን ሳትዘጊ "አንተ ድንቡሼ፣ ምን ትገተራለህ፣ ቤት ግባ፣ ምሳህ ተከድኗል" ያልሽኝ? መንገደኛው በሙሉ ዞሮ ሆዴን አየው። አንድ ሹፌርማ ለወር ያህል ባየኝ ቁጥር "ምሳ ተከደነ?" ይለኝ ነበር። ያኔ አፍሬ ነበር። እማዬ ከሞተች በኋላ ግን ለእኔ ቤት ማለት ያ ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ የድምፅን ዋጋ ልትሰብኪኝ አትችይም፤ እኔም አልሰብክሽም።

ሥራችንን ግን ልንገርሽ። ለጎረቤት "ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግናል" እያልሽ እንደምታወሪ ሰምቻለሁ። ከእውነቱ ብዙም አልራቅሽም። በምህንድስና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ እንደ ቁስል ፕላስተር የሳሳ ነገር እንሠራለን። አገጭ ሥርና አንገት ላይ ይለጠፋል። ማንቁርቱ የወጣለት ሰው ድምፅ ባይኖረውም ምላሱ፣ ከንፈሩና አገጩ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ቃሉን መሥራታቸውን አይተዉም። ፕላስተሩ ያንን እንቅስቃሴ ያነብባል፤ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቃሉን ታወጣለች።

አምና ሠራን ብለን ተደሰትን። የመጀመሪያው ሞካሪ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚግባቡት ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነው። ፕላስተሩን ለጠፍንላቸው፤ ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሻይ ቀረበላቸው፤ ቀመሱና ወደ ሚስታቸው ዞረው በለመዱት መንገድ፣ ያለ ድምፅ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሻይ በረዶ ነው እኮ!" አሉ። ማጉያዋ ትንሽ አሰበችና በረጋና በለሰለሰ የወጣት ድምፅ "ሻዩ መቀዝቀዙ ተገልጿል" አለች።

ሚስትየዋ በሳቅ ፍርስ አሉ። "ዕድሜ ልኩን ሲጮህብኝ የኖረ ሰው ዛሬ ዜና አነበበልኝ!" አሉ። እኛም ሳቅን። አሰልጣኙ ግን አልሳቁም። ሰሌዳቸውን አንስተው፦ "ይህን ሰውዬ ከጉሮሮዬ አስወጡልኝ" ብለው ጻፉ።

ስህተቱ የኛ ነበር፤ የኛ ዓይነት ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት። ማሽኑን ንግግር ስናስተምረው የመረጥነው ጥርት ያለ ቅጂ ነው፤ ዜና አንባቢ፣ መምህር፣ ጸጥ ያለ ክፍል። የሳለ፣ የተሳደበ፣ በሳቅ መሃል የተናገረ ሰው ካለ "ቆሻሻ" ብለን ቆርጠን እንጥል ነበር። እኔ ራሴ ቆርጫለሁ። ማሽኑም ያልሰማውን ከየት ያምጣው? የሰውዬውን ቁጣ ከሚያውቃቸው ቃላት ወደሚቀርበው ወስዶ ዜና አደረገው። ዋናዋ በማግስቱ ሰበሰቡንና "ሰው ስንት ጊዜ ነው በቀን ዜና የሚያነበው?" ብለው ብቻ ጠየቁን።

እንደገና ጀመርን። ሚስትየዋ ጨዋታ ላይ የተነሱ የድሮ ቪዲዮዎች ፈልገው አመጡ፤ አሰልጣኙ ከሜዳው ዳር "ዳኛው! መነጽርህን ቤት ረሳኸው እንዴ?" እያሉ ይጮሃሉ፤ ነፋስ አለው፣ ፊሽካ አለው፣ ሕዝብ አለው። ከዚያ ውስጥ ድምፃቸውን ለይተን ለማውጣት ወራት ፈጀብን። ባለፈው ሳምንት ፕላስተሩን መልሰን ለጠፍንላቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው ሚስታቸውን የሚጠሩበት የቤት ስም ነበር፤ በዚያው በጎረነነ ድምፃቸው። ሚስትየዋ ተነስተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። አሰልጣኙ ደግሞ ወደ በሩ ዞረው "ሻይ አምጪ!" አሉ። ከኮሪደሩ "እጅ የለህም? ራስህ አምጣ!" የሚል መልስ መጣ፤ እያለቀሱ ነበር የሚመልሱት። ዋናዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

እትዬ፣ አልዋሽሽም። ነገሩ ገና ነው። ከአፍ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ያደናግረዋል፤ ስትቸኩይ ይሳሳታል፤ አንቺ ደግሞ የማትቸኩይበት ቀን የለም። መሳቅም አይችልም። በመናኸሪያው እንደ ድሮው ትጣሪበታለሽ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ጋሼን ከወንበሩ ልታስነሺበት ግን ትችያለሽ፤ በራስሽ ድምፅ።

አሰልጣኙን ያመለጣቸው ዕድል ላንቺ ገና አለ። እሳቸው የደረሱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው፤ አንቺ ከሐኪሙ በፊት ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ ትችያለሽ። ከደብዳቤው ጋር የላክሁልሽ ትንሽ ጥቁር ዕቃ መቅጃ ነው። ቀዩን ስትጫኚው ይጀምራል። ጋዜጣ እንዳታነቢበት። የደንብ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ያንን የማጉያ ድምፅሽን አውጥተሽም ብቻ እንዳይሆን። ጋሼን ተቆጪበት። ድመቷን ከልብስሽ ላይ አባሪበት። ልጆቹን ለምሳ ጥሪበት። እኔንም ስደቢኝ፤ ስድብ አታጪም። ሳቅሽንም ቅጂልኝ። ማሽኑ ሳቅ አያውቅም ብዬሻለሁ፤ እሱ ለማሽኑ አይደለም። ለቤተ ሙከራው ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ የተረፈው የኔ ነው። ምን ታደርገዋለህ ብለሽ አትጠይቂኝ።

ሐኪሙ በወሩ መጨረሻ ሰኞ ቦታ እንደያዘልሽ ጋሼ ነግሮኛል። ያልፈረምሽው ወረቀትም እስካሁን እዚያው ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚገባው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ እስክትድኚም እሰነብታለሁ። ሥራህስ እንዳትይኝ፤ በዚያ ሳምንት ሥራ የለኝም። መናኸሪያው ስገባ መድረሴን የምትናገሪው አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። "ድንቡሼ ደርሷል፣ ምሳው ተከድኗል" በይ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ይየኝ፤ አሁን አላፍርም። መቅጃውንም ክፈቺው። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ብዕሩን እኔ እይዝልሻለሁ፤ ስምሽን ግን አንቺው ትጽፊዋለሽ።

ያሳደጉኝን እጆችሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ፤ ቤትሽ ጥሪሽን የሚሰማ አይጣ። ጋሼን እቀፊልኝ፤ ቧንቧውንም ይዝጋው በይው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ቁጣሽ የሚናፍቀው ታናሽ ወንድምሽ፣
ድንቡሼ (ስሙ ቀረ እንጂ ቀጥኛለሁ)

ሳልነግርሽ የረሳሁት፦ ክራባቱን ስመጣ አስሬው ካላየሽ እንዳይከፋሽ። ለሥራ ባልደረባዬ አውሼዋለሁ፤ በዚያው ሳምንት ሰው ፊት የሚቆምበት ጉዳይ አለው። ሰማያዊ ያምርበታል።