ለአራት ዲስክ የሚበቃ ሣጥን

ሰኞ

ሕይወት፣ ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፤ የታደሰ እጆች ከእንግዲህ ምልክት መሥራት አይችሉም። መንቀጥቀጡ ከቀኙ ወደ ግራው ተዛመተ። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። መስማት ለማትችሉት ተማሪዎቹ ሒሳብ ሲያስተምር የቀረጻቸው ፊልሞች፣ ከእናንተ ጋር ሆኖ የፈጠራቸው ምልክቶችም ጭምር፣ ያሉት በአራት አሮጌ ሃርድ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። አሁን አንቺም ሐዋሳ ላይ አስተማሪ ነሽና የምሠራውን ማወቅ አለብሽ። የየዕለቱን ጽፌ ሳምንቱ ሲያልቅ እልክልሻለሁ።

የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ እዚህ ቂርቆስ ስንገባ ኮምፒውተሮቹ በጭነት መኪና ተንገላተው መጡ። የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። የእሱም ሣጥን ጠባብ ነው፤ ከአንድ ዲስክ በላይ አይይዝም። የአንዱ ትምህርት መጀመሪያ በአንዱ ዲስክ፣ መጨረሻው በሌላው ላይ ስለሆነ አራቱ አብረው መከፈት አለባቸው። ሰፊ ኬዝ መግዛት አለብኝ። ከዚያ ሁሉንም በአዲስ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።

ማክሰኞ

ደምበል አካባቢ ወዳሉት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። የያዝኩት፦ ሜትር፣ በዲስኩ ልክ የተቆረጠ ካርቶን፣ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ልክ የተቆረጠ ጋዜጣ፣ መነጽር።

ሻጩ አንዱን ኬዝ ሰክቶ ቀይና ሰማያዊ አበራልኝ።

«ማዘር፣ ይሄ ጌሚንግ ነው፤ አሪፍ ነገር!»

«ስንት ዲስክ ይይዛል?»

«ማለቴ… ሁለት። ግን መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል።»

«ውስጡን ማየት አልፈለግሁም። አምፖል ደግሞ ቤቴ አለ።»

ሳቀ። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ጥቁር ኬዝ ጎትቶ አወጣ። «ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ በቃ ፍሪጅ ነው የሚያክለው።» ካርቶኔን አስገብቼ ለካሁ። ስድስት ዲስክ ይይዛል። በዲስኮቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለው፤ ከላይ ደግሞ ሙቀት የሚያስወጣ ማራገቢያ። ከአንድ አዲስ ዲስክ ጋር ወሰድኩት።

ታደሰ ሲያየው «አስኒ፣ ሰው ሊገባበት ነው?» አለኝ።

ረቡዕ

ዕቃውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሳዛውር ዋልኩ። ብሎኖቹን እንደየቦታቸው በሻይ ሳህኖች ላይ ለየሁ።

ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። በአሮጌው ሣጥን ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ከላይ ነበር፤ በዚህኛው ከታች ነው። ወደ ማዘርቦርዱ ጫፍ የሚሄደው ገመድ አልደረሰም። ስጎትተው ታደሰ «አትሳቢው!» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነበር። ማራዘሚያ ነገ እፈልጋለሁ።

ባትሪ ልያዝልሽ ብሎ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየና ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሐሙስ

ማራዘሚያው ተገኘ። ገመዱ ደረሰ። ኮምፒውተሩ ተነሣ! አራቱም ዲስኮች ታዩ። እንባዬን ታደሰ እንዳያይብኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

መገልበጥ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ግን በራሱ ጊዜ ጠፋ። አስነሣሁት፤ ደግሞ ጠፋ። ዲስኮቹን ስነካቸው ያቃጥላሉ፤ አራተኛው ከሁሉም ይብሳል። አንቺ የምትታዪበት ትምህርት በእሱ ላይ እንደሆነ ታደሰ ነግሮኛል። ደግሜ ለማስነሣት ፈራሁ። እራት አልበላሁም።

ዓርብ

ጠዋት ታደሰ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሣጥኑን ሲመለከት ቆየ።

«አስኒ፣ ለእሱም ነጠላ አለበስሽው?»

አቧራ እንዳይገባበት እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሼው ነበር። በማራገቢያው ላይ! ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ዲስኮቹን ይቀቅላል። ያውም እኔ፣ የፊዚክስ አስተማሪዋ።

«ጡረታ የሚከፍሉሽ ሰዎች እንዳይሰሙ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ዳንቴሉን አንሥቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ አስነሣሁት። አልጠፋም። እስኪመሽ ሦስቱ ተገለበጡ።

ቅዳሜ

አራተኛው እያንቋረረ ነበር የሚሠራው። አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ። ጥቂት ፊልሞች አልከፈት አሉ፤ የቀሩት ተርፈዋል። ተመስገን።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አብረን ማየት ጀመርን። ፊልሞቹ ድምፅ የላቸውም። እሱ የእያንዳንዱን ምልክት ትርጉም ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አካፋይ። ቀሪ። ክፍልፋይ። ደህና ሄደ።

ከዚያ አራተኛው ዲስክ ላይ የነበረ አንድ ትምህርት መጣ። ታደሰ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አገናኝቶ ቀስ ብሎ ይከፍታቸዋል። ከፊት ወንበር ሹሩባ የተሠራች ልጅ ተነሥታ ያንኑ ትመልስለታለች። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ልጅቷ አንቺ ነሽ።

«ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየ። መልሼ አሳየሁት። እጆቹን ወደ ደረቱ አነሣ፤ ሊያገናኛቸው ሞከረ፤ አልተገናኙም።

«ጠፋብኝ፣ አስኒ» አለ። «ሕይወትን ጠይቂያት።»

ከዚህ በኋላ ባሉት ትምህርቶች ሁሉ ይህ ምልክት ይደጋገማል። እሱ ካልተፈታ የቀረውን መረዳት አልቻልኩም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ የጠፋው አንድ ነው፣ የነገውን አላውቅም። የሚያስታውሰው ሳያልቅ አጠገቡ ተቀምጠሽ አብራችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ፊልሙን በስልክሽ ልኬዋለሁ። ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ መምጣት የምትችይውም መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። እባክሽ አትዘግዪ። ስልኬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እየጠበቀ ነው።