አስራ ሁለት ደቂቃ

ውድ ልጄ፣

እቦርሻለሁ። ጠዋትም ማታም፣ ድዴ እስኪደማ እቦርሻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ትናንት እህቶችህ ፊት "እማዬ ስለማትቦርሽ ነው የመረቀዘባት" ማለትህን ልጅህ ነግራኛለች። እሷ እንዳንተ መዋሸት አልለመደችም።

በወለቀው ጥርሴ ቦታ ድዴ ውስጥ የተከልክልኝ የጥርስ ብሎን በአራተኛ ወሩ መግል ይዞ የወጣው በእኔ አይደለም። ክሊኒክህ ወንበር ላይ አጋድመኸኝ ምን አልከኝ? "እማዬ፣ ይሄ ሳጥን ውስጥ ያለው መብራት አልትራቫዮሌት ይባላል፤ ብሎኑ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ድራሹን ያጠፋዋል። አስራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ።" ታገስኩ። አፌ ደነዘዘ እንጂ ዓይኔ አልደነዘዘም፤ ፊት ለፊቴ የግድግዳ ሰዓት አለ። ስልክህ ጮኸ። "መጣሁ፣ ጨርሻለሁ" አልክና ሳጥኑን ከፈትከው፤ ሐምራዊው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ገና አራት ደቂቃው ነበር። "ኧ ኧ" እያልኩ ሰዓቱን በጣቴ ባሳይህ "አይዞሽ፣ አያምሽም" አልከኝ።

የተናደድኩት ለጥርሱ መስሎሃል? ጥርስማ አንተን ሳረግዝ ብቻ ሁለት ሄዶብኛል። በስድስት ዓመትህ ብርጭቆ ሰብረህ እህትህ ላይ አላከክህ፤ እኔም ልጅ ነው ብዬ፣ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው ዛሬ አድጎ ነጭ ጋውን የለበሰው።

ባለፈው ሳምንት ቁስሌን ልታይልኝ ስመጣ ቀና ብል ሰዓቱ የለም። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሳየው አየኸኝ። "አፍሽን ክፈቺ" አልከኝ።

ሰፈሩን ሁሉ "የልጄ መብራት ጀርም አይምርም" እያልኩ ወንበርህ ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴም በእኔ ወሬ ዛሬ ልታስተክል ቀጠሮ ይዛለች። ስኳር አለባት፤ እሷ ላይ ከመረቀዘ ነገሩ በጥርስ አይቀርም። አትሂጂ ብላት አንተን ማረዴ ነው፣ ሂጂ ብላት እሷን።

ለእህቶችህ ደግሞ እውነቱን ራስህ ንገራቸው። እኔ ከነገርኳቸው ጨው ጨምሬበት ነው።

በሩ ተንኳኳ። "እትዬ፣ ልሄድ ነው፤ ለልጅሽ የምትልኪውን አምጪው" ትላለች ልብስ ሰፊዋ። እንግዲህ ይሄን ከእሷ እጅ ትቀበላለህ። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ አስርላታለሁ። ሐምራዊው መብራት በርቶ አስራ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አፍሽን እንዳትከፍቺለት እላታለሁ።

እናትህ