ስልሳ ሁለት ግራም፦ የአቶ ኢሳኦ ሞሮዙሚ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢሳኦ ሞሮዙሚ ከአባታቸው ከአቶ ታትሱዞ ሞሮዙሚና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪኑ፣ ማርች 3 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. በሱዋ ሐይቅ ዳር በኦካያ ከተማ ተወለዱ። መዝገቡ እንዲህ ይበል እንጂ፣ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ልጃቸው የተወለደው ሐይቁ ገና በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ በሚሻገርበት ሰሞን፣ ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ፣ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ ቀኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አባታቸው የሐር መፍተያ ማሽን ጠጋኝ፣ እናታቸውም በዚያው ፋብሪካ ፈታይ ነበሩ።

አቶ ኢሳኦ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ጀምረው በከተማው የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1964 የሰዓት ክፍሎች በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በዚያም ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖችን ሲሞርዱ ሃያ አራት ዓመት ኖሩ። በ1971 ከመንገዱ ማዶ ባለው ፋብሪካ የሬዲዮ ሽቦ ይበይዱ ከነበሩት ከወይዘሮ ፉሳኤ ጋር ትዳር መሠረቱ። እንዴት እንደተዋወቁ ሲጠየቁ ሁለቱ ሁለት የተለያየ ታሪክ ይናገሩ ነበር። በሁለቱም ውስጥ ዝናብ አለ፤ ጃንጥላው የማን እንደነበር ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። በ1973 ናትሱኮን፣ በ1976 ማሳቶን ወለዱ።

በ1988 ኮሃን የተባለ የመሣሪያ ድርጅት የላፕቶፕ ክፍል ሲከፍት አቶ ኢሳኦ በንድፍ ሠራተኝነት ተዛወሩ። የተሰጣቸው ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር። ማውስ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ በባቡር የሚሄድ ሰው ግን ላፕቶፑን የሚያስቀምጥበት የገዛ ጭኑ ብቻ ነው። እሳቸውና ባልደረባቸው አቶ ኦጊሃራ በፊደል ቁልፎቹ መካከል የምትቆም፣ ከምስር ትንሽ የምትበልጥ ጉብታ ሠሩ። ጉብታዋ በጣት ስትገፋ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ከሥሯ ያለው ስስ ብረት የግፊቱን ኃይልና አቅጣጫ ይለካል፤ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስትም በዚያው ልክ ትሄዳለች። አስቸጋሪው ልኩ ነበር። ከላላ ቀስቷ ትበራለች፤ ከጠነከረ ንቅንቅ አትልም።

አቶ ኢሳኦ በዚህ ጉዳይ የራሳቸውን ጣት አያምኑም ነበር። ሞረድ ያደነደነው ጣት ዳኛ አይሆንም ይሉ ነበር። ስለዚህ ከሥራ ሲመለሱ መሞከሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤት ያመጣሉ። ወይዘሮ ፉሳኤ የራቱን ገበታ ከጠረጉ በኋላ ይቀመጡና ቀስቷን በስክሪኑ ላይ ባለች ነጥብ ላይ ያሳርፋሉ፤ አቶ ኢሳኦም የግፊቱን ግራም በደብተር ይጽፋሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀጠሉ። ማሳቶ፣ አባዬ የሚፈትነው ማሽኑን ነው ወይስ እማዬን እያለ ያሾፍ ነበር። ወይዘሮ ፉሳኤ ግን በዚያ ሥራ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት ብለው በልባቸው ይኮሩ ነበር።

መሣሪያዋ በ1992 ገበያ ላይ ዋለች። በስድስት ወር ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ላፕቶፖች ተመለሱ። ገዢዎቹ ቀስቷ እንደ ደከመች በቅሎ አልሄድ አለች ብለው አማረሩ፤ ጠንከር አድርገው ሲጫኗት ደግሞ ነጥቡን አልፋ ትፈተለካለች። በስብሰባ ላይ ልኩን በማን ጣት እንዳወጡ ሲጠየቁ አቶ ኢሳኦ በራሳቸው ጣት እንደሆነ ተናግረው አጎነበሱ። ከንድፍ ክፍል ወጥተው ስድስት ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ቆዩ። ቤት ገብተው ክፍል ቀየርኩ ከማለት በቀር የተነፈሱት ነገር አልነበረም።

በ1994 ወይዘሮ ፉሳኤ ትኩስ ማንቆርቆሪያ አቃጥሏቸው ሳይሰማቸው በመቅረቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም የቀኝ አመልካች ጣታቸው በብዙ ዓመት የብየዳ ሙቀት አብዛኛውን ስሜቱን እንዳጣ ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። ጣቱ የማይሰማው ሰው አብዝቶ ይጫናል፤ እንግዲያስ የባለቤታቸውን ሥራ ያበላሸው የእሳቸው ጣት ይሆን? ሊጠይቁ አፋቸውን ይከፍቱና ሻይ ልቅዳልህ ወይ ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት ሆነ።

አቶ ኢሳኦ በ1998 ወደ ንድፍ ክፍል ተመልሰው፣ ሰው መጀመሪያ ሲገፋት የጣቱን ኃይል ለክታ ራሷን የምታስተካክል ሁለተኛ ጉብታ ሠሩ። ድርጅቱን ለብዙ ዓመት ያኖረችው ይህችኛዋ ናት። በ2006 ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሐይቁ ትናንሽ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እሳቸው ግን ዓሣ አይወዱም፤ ለጎረቤት ያድሉታል።

በ2022 የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ባለፈው ጃንዋሪ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ወይዘሮ ፉሳኤ ብርቱካን እየላጡላቸው ድንገት ጠየቋቸው።

«አንተ፣ ያ ነገር የተበላሸው በእኔ ጣት ነው?»

«ቁጥሩ የማንም ጣት አይደለም» አሏቸው።

ወይዘሮ ፉሳኤ ሕመሙ ያናገራቸው መስሏቸው ብርቱካኑን አጎረሷቸው። አቶ ኢሳኦ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ለዚህ ጽሑፍ ቀኖችን ለማረጋገጥ የሥራ ደብተራቸው በማግስቱ ተገለጠ። የወይዘሮ ፉሳኤ ጣት ዘጠና ግራም ይላል። መሣሪያዋ ከመውጣቷ ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ሠላሳ ጎረቤቶችን ፈትነው ኖሯል፤ የእነሱ አማካይ ሠላሳ አምስት ግራም ነው። ለፋብሪካ የተሰጠው ልክ ግን ስልሳ ሁለት ነው። በደብተሩ ሙሉ ስልሳ ሁለት የተጫነ አንድም ጣት የለም። ናትሱኮ የመጽሐፍ መደርደሪያውን፣ ማሳቶ መሳቢያዎቹን ፈተሹ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ቤተሰቡ ግራ እንደተጋባ ቀረ።

ለልቅሶ የመጡት አቶ ኦጊሃራ ደብተሩን አይተው ዘጉት። ከዚያ በወይዘሮ ፉሳኤ ፊት ተንበርክከው ተናገሩ።

«ያኔ ሞሮዙሚን፣ የጎረቤቶችህን ልክ ያዝ፣ የሚስትህን ተው አልኩት። የእሷን ከተውኩት መሣሪያውን ወደ ቤት መውሰድ ላቆም ነው፤ ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፤ ጣትሽ ሞቷል ልበላት? አለኝ። ከዚያ ማንንም ላለማስቀየም የዘጠናና የሠላሳ አምስትን መሃል ያዘ። እኔም ጨዋነት መስሎኝ ዝም አልኩ።»

እንግዲህ አቶ ኢሳኦ ነገሩን ከሐኪሙ ሦስት ዓመት ቀድመው ያውቁት ነበር። ሁሉንም አክብረው የመረጡት ልክ ለማንም አልሆነም። ማሳቶ የሟች ስህተት በሐዘን ጉባኤ ፊት አይነበብም ብሎ ይህ ክፍል እንዲወጣ ለመነ፤ ናትሱኮም ደገፈችው። ወይዘሮ ፉሳኤ ግን ዝም ብሎ መከባበሩ ይብቃ፣ የእኔም ጣት በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ አሉ። እንዳሉትም ተጻፈ።

ትናንት እንደ አካባቢያችን ልማድ ከስንብት ሥርዓቱ በፊት አስከሬናቸው ተቃጥሎ አጥንታቸው ሲለቀም፣ ወይዘሮ ፉሳኤ የመጀመሪያውን አጥንት በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ቆንጥጠው፣ ወደ አመድ ማሰሮው ሳያስገቡ ከፍ አድርገው አዩት።

«ሞኝ ነህ» አሉ። «ብትነግረኝ ኖሮ ሌላ ዘጠኝ ጣት ነበረኝ።»

አጠገባቸው የነበርን ሰዎች እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልንም። ምናልባት እሳቸውም አልለዩትም።

አቶ ኢሳኦ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፉሳኤን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸው ወላጆቻቸው ካሉበት በሰላም ትድረስ። በነሐሴ የሙታን በዓል ወደ ቤቷ ስትመለስም በሩን ክፍት፣ እኛንም ስንነጋገር ታግኘን።