መርከባችን ወደብ ገባች

ታክጉን ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ከሲንጋፖር ነው የምጽፍልህ። ኩባንያችን ከከሰረ ወዲህ መርከባችን አበዳሪዎች እንዳያስይዟት ፈርታ ከወደቡ ውጭ ቆማ ነበር። መርከበኞቹ ትኩስ አትክልት ካዩ ሰንብተዋል። ትናንት ግን የዚህ አገር ፍርድ ቤት በአገራችን የቡሳኑ ፍርድ ቤት ንብረታችን እንዳይያዝ የሰጠንን እግድ ተቀበለ፤ አሁን ማንም አይነካትም። ለካፒቴን ፕዮ ደውዬ «ግባ» አልኩት።

«ከገባሁ በኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?»

«አይቀይሩም፤ ዳኛው ሲወስን ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።»

ወዲያው መልህቁ እንዲነሳ ሲያዝ በስልኩ ሰማሁት።

ከችሎት ስወጣ አቶ ሴልቫራጁ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነዳጅ በዱቤ የሞሉልን ሽማግሌ ናቸው፤ መርከቧን ሊያስይዙ የከሰሱንም እሳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ የደረሳችሁት በእኔ ነዳጅ ነው» አሉኝ። «እናንተን ሕግ ጠበቃችሁ፤ እኔንስ ማን ይጠብቀኝ?»

ገንዘባቸውን ከሌሎቹ አበዳሪዎች ጋር ቡሳን መጥተው መጠየቅ እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«እዚያ ማንን አውቃለሁ?»

ያንተን ስምና ስልክ ሰጠኋቸው። ይህን ማድረጌን አለቃዬ አይወደውም፤ ስመለስ ራሴ እነግረዋለሁ።

አቶ ሴልቫራጁ ማክሰኞ ቡሳን ይደርሳሉ። ተቀብለህ ፍርድ ቤቱ ድረስ አድርስልኝ። የበሬ ሥጋ አይበሉም፤ እናትህ የዓሣ ሾርባ ይሥሩላቸው። እናትህንም ሚስትህንም ሰላም በልልኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እዚህ ሰው በሸሚዝ ነው የሚውለው፣ የቡሳንን ንፋስ አያውቁትም፤ ካፖርትህን ይዘህላቸው ሂድ።

ወዳጅህ ኪሱ